ቦርዶቹም የሚጠየቁበት ቀን አላቸው፤ እኛ ግን አንገኝም



በአሜሪካ ኢትዮጵያውያን በሚሰግዱበት በማንኛውም መስጂድ ከጁሙዓ በኋላ ግቢው ውስጥ ጥቂት ቆም ብንል ተመሳሳይ ታሪክ ደጋግመን እንሰማለን። አገር ቤት ለዓመታት በነርስነት ያገለገለች እህት እዚህ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ረዳት ሆና ትሠራለች። ሐኪም የነበረ ወንድም ታክሲ ይነዳል። ከእናቷ የተማረችውን ሹሩባ ሠርታ ልጆቿን ልታሳድግ የፈለገች ሌላዋ እህት ደግሞ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ገብታ ፈቃድ እንድታወጣ ይነገራታል። ሁሉም ታሪኩን ሲጨርሱ የሚሉት አንድ ነው፤ «ላይሰንሱ አስቸገረን።»

ላይሰንሱ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። እያንዳንዱን የሙያ ፈቃድ የሚሰጥና የሚከለክል፣ ስንት ሰዓት ትምህርትና ምን ዓይነት ፈተና እንደሚያስፈልግ የሚወስን የስቴት ቦርድ አለ። በብዙ ስቴቶች ደግሞ ይህ ቦርድ ራሱ በየተወሰነ ዓመቱ በሕግ አውጪዎች ፊት ቀርቦ «አንተ ለምን ታስፈልጋለህ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ቀን አለው። ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። አዳራሹ ለሕዝብ ክፍት ነው። የኛ ሰዎች ግን እዚያ አይታዩም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን የጥያቄ ቀን፣ ያለውን ጉልበትና ጉድለት፣ እንዲሁም የእኛን ከቦታው መጥፋት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦርዱ ማን ነው?

በአሜሪካ የሙያ ፈቃድ በዋናነት የስቴቶች ሥልጣን ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1889 ዌስት ቨርጂኒያን በተመለከተ በሰጠው ውሳኔ ስቴቶች ሐኪሞችን ፈቃድ እንዲያወጡ ማስገደድ እንደሚችሉ አጸና። በዚያ ዘመን ማንም ራሱን ሐኪም ብሎ ሰሌዳ ይሰቅል ስለነበር ሕጉ የሕዝብን ነፍስ ለማዳን የወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ፈቃድ ከሐኪምና ከጠበቃ አልፎ ወደ ፀጉር ሠሪው፣ ወደ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ወደ ጥፍር አሳማሪዋ ተስፋፋ። ዋይት ሐውስ በ2015 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው በ1950ዎቹ ከሠራተኛው ከ5 በመቶ የማይበልጠው ብቻ የስቴት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ በእኛ ዘመን ግን ከአራት ሠራተኞች ቢያንስ አንዱ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ቦርዱ ላይ የሚቀመጡትስ እነማን ናቸው? በአብዛኛው የሙያው ባለቤቶች ራሳቸው ናቸው። በጥርስ ሕክምና ቦርድ ጥርስ ሐኪሞች፣ በፀጉር ሥራ ቦርድ የሳሎንና የትምህርት ቤት ባለቤቶች ይበዛሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሙያውን የሚያውቀው ባለሙያው ነው። አደጋውም ከዚያው ይመነጫል። ወደ ገበያው የሚገባውን አዲስ ሰው የሚመዝነው፣ አዲሱ ሰው ሲገባ ደንበኛ የሚቀንስበት ሰው ነው።

ይህ ሐሜት አይደለም፤ በፍርድ ቤት የታየ ጉዳይ ነው። የኖርዝ ካሮላይና የጥርስ ሕክምና ቦርድ ስምንት አባላት ነበሩት። ስድስቱ ጥርስ ሐኪሞች፣ አንዱ የጥርስ ንጽሕና ባለሙያ፣ አንዱ ብቻ የተገልጋዩ ተወካይ ነበር። በገበያ አዳራሾችና በሳሎኖች ጥርስ የሚያነጡ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች በአነስተኛ ዋጋ መሥራት ሲጀምሩ ጥርስ ሐኪሞች ለቦርዱ አቤት አሉ። አቤቱታዎቹ በአብዛኛው ስለ ዋጋ መርከስ እንጂ ስለ ተጎዳ ሰው አልነበሩም። ቦርዱ ቢያንስ 47 የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎችን ልኮ ሰዎቹን ከገበያ አስወጣ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሰሰው፤ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በየካቲት 2015 ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ወሰነ። የውሳኔው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ አብዛኛው የቦርዱ አባል በዚያው ገበያ የሚሠራ ከሆነ፣ ስቴቱ በእውነት እስካልተቆጣጠረው ድረስ ቦርዱ የመንግሥት ስም ስለያዘ ብቻ ከፀረ ሞኖፖል ሕግ አያመልጥም።

የሚጠልቅ ጀምበር

ቦርዶችን በየጊዜው የመጠየቅ ሐሳብ ከዚህ ፍርድ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው። በ1976 ኮሎራዶ ከአሜሪካ ስቴቶች የመጀመሪያውን «ሰንሴት» ሕግ አወጣች። ቃሉ ጀምበር መጥለቅ ማለት ነው። የሕጉ አካሄድ ቀላል ነው። አንድ ቦርድ የሚያበቃበት ቀን በሕግ ይጻፍለታል። ቀኑ ከመድረሱ በፊት ምክር ቤቱ አጥንቶ «ይቀጥል» የሚል አዲስ ሕግ ካላወጣ ቦርዱ በራሱ ጊዜ ይጠልቃል። ከዚያ በፊት መሥሪያ ቤት አንዴ ከተቋቋመ የማፍረሱ ሸክም በሚቃወመው ላይ ነበር። ሰንሴት ይህንን ገለበጠው፤ መኖር የሚፈልገው ቦርድ መኖር የሚገባው ለምን እንደሆነ ማስረዳት ግድ ሆነበት።

በቀጣዩ ዓመት ቴክሳስ ተከተለች፤ ሜሪላንድም በ1978 የራሷን ሕግ አወጣች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 በላይ ስቴቶች ተመሳሳይ ሕግ ነበራቸው። ሁሉም ግን አልጸኑበትም። ሚኒሶታ በ2011 የሰንሴት ኮሚሽን አቋቁማ ብዙም ሳይቆይ ሕጉን ሰርዛለች። በሌላ በኩል በቅርብ ዓመታት እንደገና የነቁ አሉ። ነብራስካ በ2018 ባወጣችው ሕግ የሙያ ፈቃዶቿ በሙሉ በአምስት ዓመት ዙር እንዲፈተሹ አድርጋለች። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ኦሃዮም ቦርዶቿን በስድስት ዓመት ዙር የሚፈትሽ ሕግ አላት።

አሠራሩን ለመረዳት ሁለቱን አንጋፋዎች እንይ። በኮሎራዶ ግምገማውን የሚያካሂደው ከቦርዶቹ ውጪ የሆነ የፖሊሲ ጥናት ቢሮ ነው። ቢሮው መዛግብት ያገላብጣል፣ ቅሬታዎችን ይቆጥራል፣ የሌሎች ስቴቶችን ሕግ ያነጻጽራል፣ ሰዎችን ያነጋግራል፤ ሪፖርቱን ቦርዱ ከሚያበቃበት ዓመት በፊት ባለው ጥቅምት 15 ያቀርባል። መልስ የሚሰጥባቸው ጥያቄዎች በሕግ ተጽፈዋል። ቁጥጥሩ የሕዝብን ጤናና ደኅንነት ለመጠበቅ ያስፈልጋል ወይ? ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም ወይ? ቅሬታ ያቀረበ ሰው ፍትሕ ያገኛል ወይ? ለመግባት የሚጠየቀው መስፈርት ተገቢ ነው ወይ? ያለፈ የወንጀል መዝገብ ሰዎችን ያላግባብ ያስቀራል ወይ? በቴክሳስ ደግሞ 12 አባላት ያሉት ኮሚሽን አለ፤ አምስቱ ከሴኔት፣ አምስቱ ከተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁለቱ ከሕዝብ ናቸው። አንድ መሥሪያ ቤት በአብዛኛው በየ12 ዓመቱ ተራው ይደርሰዋል። በሁለቱም ስቴቶች ማንኛውም ሰው ቀርቦ መናገርም ሆነ በጽሑፍ ሐሳቡን ማስገባት ይችላል።

መምህር ሆነን ስናስተምር አንድ ነገር ተምረናል። ፈተናው የሚሰጥበት ቀን ዓመቱ ሲጀምር ተለጥፎ እያለ፣ ቀኑ ሲደርስ የሚደነግጠው ተማሪ ሰሌዳውን ያላነበበው ነው። ሰንሴትም ሰሌዳው የተለጠፈ ፈተና ነው። ልዩነቱ እዚህ ተፈታኙ ቦርዱ መሆኑ ነው። ጥያቄ ማውጣት የምንችለው ደግሞ እኛ ነን።

የሚሰማው የመጣውን ነው

ሕጉ በወረቀት ላይ እንዲህ ያማረ ከሆነ ለምን ቦርዶች አይጠልቁም? መልሱ ብዙም ሩቅ አይደለም፤ የግምገማው ቀን አዳራሹን የሚሞላው ፈቃዱን ቀድሞ ያገኘው ሰው ነው። የሙያ ማኅበር አለው፣ ጠበቃ ይቀጥራል፣ የምክር ቤት አባላትን በስም ያውቃል። ፈቃድ አጥቶ የቀረው ግን ማኅበር የለውም። ያቺ ነርስ የነበረች እህት በዚያ ሰዓት የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ተኝታለች፤ ወይም ሁለተኛ ሥራዋ ላይ ናት። ስለዚህ ግምገማው «የሚጎዳ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት አይኖርም፤ ዝምታውም «የለም» ተብሎ ይጻፋል።

መገኘት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ቴክሳስ ሁለት ጊዜ አሳይታናለች። በ2017 የሐኪሞች ቦርድን ጨምሮ የአምስት መሥሪያ ቤቶች ዕድሜ የሚራዘምበት ሕግ በምክር ቤቱ ሽኩቻ ምክንያት ሳይጸድቅ ቀረ። አገረ ገዥው ግሬግ አቦት በሐምሌ ልዩ ስብሰባ ጠርተው ሕጉ እንዲወጣ አደረጉ። በ2019 ደግሞ ተራው የቧንቧ ሠራተኞች ቦርድ ሆነ። ቦርዱን ወደ አጠቃላዩ የፈቃድ መሥሪያ ቤት ለማዛወር የቀረበው ረቂቅ ወድቆ ምክር ቤቱ ቦርዱን ሳያድስ ተበተነ። የቧንቧ ሠራተኞቹ ጮኹ፤ የውሃና የጋዝ መስመር የሰው ሕይወት ነው አሉ። አገረ ገዥው በሐሪኬን ሀርቪ ምክንያት የተሰጣቸውን የአደጋ ጊዜ ሥልጣን ተጠቅመው የቦርዱን ዕድሜ እስከ 2021 አራዘሙ፤ በዚያ ዓመትም ምክር ቤቱ እንዲቀጥል ወሰነ።

በሁለቱም ጊዜ ውጤቱ መጥፎ ነበር አንልም። ያለ ፈቃድ የሚያክም ሐኪም ወይም ጋዝ የሚቀጥል ሰው ማንም አይፈልግም። ልብ ልንለው የሚገባው ድምፅ ያለው ሰው ሲጮህ አገረ ገዥ ድረስ እንደሚሰማ ነው።

አሁን ወደ ሹሩባ እንምጣ። በዚያው ቴክሳስ፣ በዳላስ፣ አንዲት ሹሩባ ሠሪ ያለ ፈቃድ ፀጉር ጎነጎንሽ ተብላ በ1997 ታሰረች። በ2005 የሰንሴት ግምገማ የፀጉር አስተካካዮችንና የውበት ሥራ ቦርዶችን አፍርሶ ሥራቸውን ወደ አንድ አጠቃላይ የፈቃድ መሥሪያ ቤት አዛወረ። ትልቅ ለውጥ ነበር። የሹሩባ ሠሪዎች ሸክም ግን ከፈረሱት ቦርዶች ጋር አልፈረሰም፤ ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት ተሻገረ። በ2007 ለሹሩባ ብቻ የ35 ሰዓት የምስክር ወረቀት ተፈቀደ። ሹሩባ ማስተማር የፈለገ ግን እንደ ፀጉር አስተካካዮች ትምህርት ቤት 2,000 ስኩዌር ጫማ የሚያህል ቦታ፣ ቢያንስ አሥር የተማሪ ወንበርና የፀጉር ማጠቢያ ገንዳዎች እንዲኖሩት ይጠየቅ ነበር። ሹሩባ ለመጎንጎን ገንዳ ምን ያደርጋል? ይህንን ጥያቄ በመጨረሻ የመለሰው ግምገማው ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው። በጥር 2015 የፌዴራል ዳኛ ደንቡን ሻረው፤ በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ሹሩባን ከፈቃድ ግዴታ ነጻ አደረገ። ከእስሩ እስከ ነጻነቱ 18 ዓመት አለፈ። በመካከል አንድ ሙሉ ግምገማ በደጃፏ አልፏል።

ይህ ታሪክ የሰንሴትን ወሰን በደንብ ያሳያል። ግምገማው የቦርዱን ስም ሊቀይር፣ ቦታውን ሊያዛውር ይችላል። አንድን የተወሰነ አንቀጽ የሚነካው ግን ያንን አንቀጽ በስሙ ጠርቶ «ይህ ይጎዳናል፣ ማንንም አያድንም» የሚል ሰው ሲኖር ነው።

የጀናዛው ትምህርት

እዚህ ላይ «እንግዲያው ሁሉም ቦርድ ይፍረስ» የሚል አንባቢ ካለ ወደ ኮሎራዶ እንመልሰው። ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ ታሪክ ከሁሉም ይከብዳል፤ የሚናገረው ስለ ሟች ክብር ነውና።

ኮሎራዶ የቀብር አስፈጻሚዎች ቦርድ ነበራት። በ1983 ቦርዱ በሰንሴት ጠለቀ። በጊዜው የቀረበው ሐሳብ ፈቃዱ ሕዝብን ከመጠበቅ ይልቅ ነባሮቹን ከፉክክር ይጠብቃል የሚል ዓይነት ነበር፤ ዛሬ እኛ ስለ ሹሩባ ከምንለው ብዙም የራቀ አይደለም። ከዚያ በኋላ ለአራት አሥርት ዓመታት ኮሎራዶ ቀብር አስፈጻሚዎች በግል ፈቃድ የማይጠየቁባት ብቸኛ ስቴት ሆነች። ከጊዜ በኋላ ድርጅቶቹ እንዲመዘገቡ ቢደረግም፣ አስከሬኑን በእጁ የሚይዘው ሰው ግን ትምህርቱም ፈተናውም አይጠየቅም ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? በሞንትሮዝ ከተማ ያለ አንድ የቀብር ድርጅት ባለቤቶች የሟቾችን አካል ያለ ቤተሰብ ፈቃድ ሲሸጡ ተገኝተው በ2023 መጀመሪያ በፌዴራል ፍርድ ቤት እስራት ተፈረደባቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ደግሞ በፔንሮዝ ከተማ በሌላ ድርጅት ሕንፃ ውስጥ 190 ያህል የበሰበሱ አስከሬኖች ተገኙ። ከቤተሰቦቹ አንዳንዶቹ የሚወዱት ሰው አመድ ነው ተብሎ ሌላ ነገር ተሰጥቷቸው ነበር። በ2024 ምክር ቤቱ ሕግ አወጣ፤ ከጥር 1 ቀን 2027 ጀምሮ ቀብር አስፈጻሚዎች እንደገና ፈቃድ እንዲኖራቸው ተወሰነ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ፈቃድ ሁሉ የነባሮች አጥር አይደለም፤ የማይናገረውን የሚጠብቅ ፈቃድ አለ። ሟች አቤት አይልም። ሐዘንተኛ ቤተሰብም በዚያች ሰዓት የድርጅቱን ጓዳ አይፈትሽም። የሚጎዳው ሰው ራሱን ሊከላከል በማይችልበት ሙያ ላይ ቁጥጥር ግድ ነው። ሹሩባ ግን ካልወደድሽው ትፈቺዋለሽ። ግምገማው ሊለየው የሚገባው መስመር ይህ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት በቀጥታ እኛን ይመለከታል። አዲስ ፈቃድ ሲጻፍ «አስከሬን የሚያዘጋጅ» የሚለው ቃል ማንን ይጨምራል? በየመስጂዱ ጀናዛ የሚያጥቡና የሚከፍኑ ወንድሞችና እህቶች ክፍያ አይቀበሉም፤ አስከሬንም በመድኃኒት አያደርቁም። ሥራቸው ፈርዱል ኪፋያ ነው። የሕጉን ረቂቅ የሚጽፈው ሰው ግን ይህንን የማወቅ ግዴታ የለበትም። የሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጽሙ በጎ ፈቃደኞች ነጻ መሆናቸው በግልጽ ቃል እንዲጻፍና በየግምገማውም እንዲጸና መጠየቅ የመስጂድ አመራሮች ሥራ ነው። ኮሎራዶ ያሉትም ሆኑ በሌሎች ስቴቶች ያሉት የመስጂድ ኮሚቴዎች የየስቴታቸውን የቀብር ሕግ አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው ቢያነቡት መልካም ነው። አደጋ ከደረሰ በኋላ በጥድፊያ የሚወጣ ሕግ ማንንም ለይቶ አያይም።

ከባግዳድ የሚመጣ ጥያቄ

ባለሙያን መመዘንና መዛኙን መቆጣጠር ለእስልምና ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ319 ሒጅራ፣ ማለትም በ931፣ በባግዳድ አንድ ሰው በሐኪም ስሕተት መሞቱ ለኸሊፋው አል ሙቅተዲር ተነገራቸው። ኸሊፋውም በሲናን ኢብን ሳቢት ያልተፈተነ ማንም ሰው እንዳያክም ሙሕተሲቡን አዘዙ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ከ800 በላይ ሰዎች ለፈተና ቀረቡ። አንድ ልብ የሚባል ነገር ግን አለ። በሙያቸው ስመ ጥር የሆኑና በገዥው አገልግሎት ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ከፈተናው ነጻ ነበሩ። ከሺሕ ዓመት በፊትም ቢሆን ለበሩ የቀረበ ሰው በሩን ሳያንኳኳ ይገባ ነበር።

በሒስባ ላይ የተጻፉት መጻሕፍት ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ ዛሬም ይጠቅማል። ሙሕተሲብ ሁሉንም ሙያ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ከየሙያው ታማኝ የሆነ ዓሪፍ ይመርጣል። ዓሪፉ የሙያውን ምሥጢርና ማጭበርበሪያ ያሳውቀዋል። ውሳኔው ግን የሙሕተሲቡ ነው፤ ሙሕተሲቡ ደግሞ የሚቆመው ለገበያው ሕዝብ ነው። ባለሙያው አማካሪ እንጂ ዳኛ አይደለም ማለት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በጥርስ ሐኪሞቹ ጉዳይ ላይ ከደረሰበት ሐሳብ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በር መከፈት እንደሚችል

ተስፋ የሚሰጡ ለውጦችም አሉ። ኮሎራዶ በ2021 ባወጣችው ሕግ የስቴት የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የኢሚግሬሽን ሁኔታን የማረጋገጥ ግዴታን አንሥታለች። ጥገኝነት ጠይቆ ለዓመታት ለሚጠብቅ ባለሙያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቴነሲ በ2023 በውጭ አገር ተምረውና ሠርተው የመጡ ሐኪሞች እንደ አዲስ ሙሉ የስፔሻሊቲ ሥልጠና ሳይደግሙ በሆስፒታል ክትትል ሥር በጊዜያዊ ፈቃድ የሚሠሩበትን መንገድ ከፍታለች፤ ሌሎች ስቴቶችም ተከትለዋል። እነዚህ ሕጎች የሰንሴት ግምገማ ውጤቶች አይደሉም። የሚያሳዩን ግን የፈቃድ መስፈርት የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን ነው። ሰው የጻፈውን ሰው ያሻሽለዋል።

ሁሉም በር በዚህ መንገድ ይከፈታል ብለን ግን አንዋሽም። የነርሶች የፈቃድ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ የሚዘጋጅ ነው፤ አንድ የስቴት ምክር ቤት ሊሰርዘው አይችልም፣ መሰረዝም የለበትም። ለሕመምተኛው የምንመኘው የተፈተነች ነርስ ናት፤ ሕመምተኛው ነገ የኛው እናት ትሆናለችና። ነገር ግን የትምህርት ማስረጃ ምዘናው ስንት ወር ይፈጃል? አገር ቤት ያለው ትምህርት ቤት ደብዳቤ ካልላከ ምን አማራጭ አለ? የሥራ ልምድ ለምን አይቆጠርም? ቅሬታ የሚቀርበው ለማን ነው? እነዚህ በስቴት ቦርድ እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ በግምገማ ቀን ሊነሡም ይችላሉ።

ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ሥራ ቀኑን ማወቅ ነው። የምትኖሩበት ስቴት እንዲህ ያለ ግምገማ አለው ወይ? የእናንተን ሙያ የሚመለከተው ቦርድ የሚያበቃው መቼ ነው? መልሱ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። እንግሊዝኛ የሚቀናቸው ወጣቶቻችን በአንድ ከሰዓት ሊያወጡት ይችላሉ። ዝርዝሩ በመስጂዱ ሰሌዳ ላይ ከሰላት ሰዓቱ ጎን ቢለጠፍ ማንንም አይጎዳም።

ሁለተኛ፣ ቀደም ብሎ መድረስ ነው። ብዙው ነገር የሚወሰነው ካሜራ ባለበት አዳራሽ ሳይሆን ከዚያ በፊት አጥኚዎቹ መረጃ በሚሰበስቡበት ወቅት ነው። ሪፖርቱ ከታተመ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ ዝናብ ካባራ በኋላ እንደተገዛ ጃንጥላ ነው።

ሦስተኛ፣ የምንጽፈው ነገር ቁርጥ ያለ ይሁን። «ስደተኛ ተበደለ» የሚል ደብዳቤ ይነበባል፣ ይቀመጣል። «ይህ አንቀጽ ይህን ያህል ሰዓት ይጠይቃል፤ ይህን ያህል ገንዘብ አስወጣኝ፤ ከሰዓቱ ውስጥ የእኔን ሥራ የሚመለከተው ይህን ያህሉ ብቻ ነው፤ ጎረቤት ስቴት በዚህ መንገድ ይሠራል» የሚል አንድ ገጽ ግን አጥኚው ሪፖርቱ ውስጥ ሊያስገባው የሚችል ማስረጃ ነው። አሥር እህቶች አሥር ገጽ ቢጽፉ ከአንድ ረዥም የፊርማ ወረቀት ይበልጣል።

አራተኛ፣ ፍርሃቱን እንተው። ለኮሚቴ ሐሳብ ማቅረብ ድምፅ መስጠት ስላልሆነ ዜግነት አይጠይቅም። መስጂዶችም «ፖለቲካ ውስጥ ገባችሁ» እንዳይባሉ ይሰጋሉ። የፌዴራል የግብር ሕግ ከግብር ነጻ ለሆኑ የሃይማኖት ተቋማት የሚከለክለው ለምርጫ ተወዳዳሪ መደገፍን ወይም መቃወምን ነው፤ በሕግ ረቂቅ ላይ በመጠኑ ሐሳብ መስጠትን አይከለክልም።

አምስተኛ፣ የቦርድ ወንበሮችን እንይ። ብዙ ቦርዶች ለሙያው ባዕድ ለሆነ የሕዝብ ተወካይ የተተወ ወንበር አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሾመው አገረ ገዥው ነው፤ ማመልከቻው ለማንም ክፍት ነው። ከእኛ መካከል የተማሩ፣ ሚዛናዊ የሆኑ፣ አማና የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ለምን አያመለክቱም?

ሰንሴት ፍጹም ሕግ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቦርዶቹ ጀምበራቸው ሳትጠልቅ ያድራሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ እንደ ኮሎራዶው የቀብር ቦርድ መጥለቅ የማይገባው ይጠልቃል። በሁለቱም በኩል ስሕተቱ አንድ ሥር አለው፤ ውሳኔው የሚነካው ሰው ውሳኔው ሲሰጥ በቦታው አልነበረም። በ1983 ነገ ሟቹን ለማያውቀው ሰው አደራ የሚሰጠው ቤተሰብ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። በ2005 የሹሩባ ሠሪዋ ሸክም ሳይነካ አለፈ። ቀጣዩ ግምገማ ያቺን የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ እህታችንን የሚመለከት ሊሆን ይችላል። እሷ መምጣት ካልቻለች ደብዳቤዋን ይዞ የሚገባ ወንድም ወይም እህት ይኑራት።

አላህ ለሐቅ የምንቆም ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም።